ስድስተኛው ሐይቅ

አንድን ታሪክ ቆራርሰው በክፍል በክፍል የሚሸጡ ሰዎች፣ በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መካከል የሚጠብቃቸው ሰው እንደሚሞት ያውቃሉ? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንሥቼ ጥዬዋለሁ። ያውቃሉ እንዳልል፣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። አያውቁም እንዳልል፣ ሞትን የማያውቅ ማን አለ? እስከ ዛሬ አልመለስሁትም።

የሚቀሰቅስብኝ ሽታ ነው። መንገድ ዳር የወጣችውን የቤቴን ክፍል አሁን የተከራያት ሞባይል ጠጋኝ ነው። መበየጃውን ሲያግል፣ አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ ሲሞቅ የሚሰጠው ሽታ በመካከለኛው በር አልፎ እኔ የምቀመጥበት ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ መጽሐፌን አጥፋለሁ። ያቺ ክፍል ጌም ቤት በነበረችበት ዘመን ሽታዋ ይኸው ነበር፤ ሲሠሩ የዋሉ ማሽኖች፣ ጀርባቸው የወፈረ የድሮ ቴሌቪዥኖች፣ ከዝናብ የገቡ ልጆች ሹራብ፣ ከጎረቤት በደብተር ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣ ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ያኔ ሁለት ብር ነበር፤ ምስሩ እስከ ጥጉ የሞላ። ዛሬ በስንት እጥፍ የሚሸጡልን ባዶ ሊጥ ነው። ስለ እሱም መናደድ እችላለሁ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ለሌላ ንዴት ነው።

ክፍሏን ጌም ቤት ያደረጋት ለሜሳ ነው፤ የእኩያዬ የጫልቱ ልጅ። ሃያን ገና የተሻገረ፣ ረጅም፣ ክርኑ ላይ የነጣ አረንጓዴ ጃኬት ክረምት ከበጋ የማያወልቅ። የዚያን ጊዜ ልጆች ሱሪያቸው ቁርጭምጭሚት ላይ ተጣብቆ ወገብ ላይ የወረደ ነበር፤ ለሜሳ ግን እንደ አባቱ በቀበቶ ጥብቅ አድርጎ የሚታጠቅ ነው፤ በዚህም ይቀልዱበት ነበር። ሊከራይ የመጣ ቀን «አዴ፣ ድምፅ አናበዛም» አለኝ። አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፤ የከተማው ግማሽ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። ድምፅ ግን አበዙ። ፊት ለፊት ያለው ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ሱቅ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግማል፤ ከወዲህ ጌም ቤቱ ይጮሃል፤ እኔ መካከል ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። መንገድ የሚዘጋበት የሚከፈትበት፣ ኔትወርክ ለሳምንታት የሚጠፋበት ሰሞን ነበር። ምክንያቱን እዚህ አላነሣም፤ አምቦ የነበረ ያውቀዋል። ጌም ቤቱ ግን መብራት እስካለ ድረስ ኔትወርክ አያሻውም ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሌላው ጌም ቤት የሚጫወቱት ኳስ ብቻ ነበር። የለሜሳን ቤት የለየው አንድ ታሪክ ያለው ጨዋታ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅምና ጉረኛ ስለነበር ማንም አይጠራውም፤ «ሐይቁ» ነበር የሚሉት። አንድ መንገደኛ ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ገደል ወጥቶ ወርዶ፣ ከወንበዴ ተዋግቶ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ሐይቁ መካከል ደሴት አለ። ዳሩ ላይ አንዲት አሮጊት ጀልባዋን ይዛ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ክፍል እዚያ ያልቃል። በሁለተኛው ክፍል ያው መንገደኛ ሌላ አገር ዞሮ፣ ሌላ መከራ ቀምሶ፣ ተመልሶ እዚያው ይደርሳል። ማሽኑ ላይ ያስቀመጡት ጨዋታ፣ «ሴቭ» የሚሉት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋል፤ መንገደኛው ስሙን፣ ጠባሳውን፣ ፈረሱን ይዞ ይቀጥላል፤ ዕድሜም ይጨምራል። ሐይቁን ግን አይሻገርም።

ከአምቦ በላይ ወዳለው የወንጪ ሐይቅ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ያንን ሐይቅ አይቶ ወንጪ አይደለም ሊል አይችልም። ልጆቹ ሠሪዎቹ ወንጪ መጥተው ፎቶ አንሥተው ሄደዋል ብለው ያምኑ ነበር። ከዚህ እምነት ነው ያ ስሕተት የተወለደው። አንድ ከሰዓት ጩኸቱ አላስነብብ ሲለኝ ድምፅ ቀንሱ ልላቸው ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሐይቁ ይታያል፤ ዳሩ ግን እንደ ጃንሜዳ በፈረስ ተሞልቷል።

«ይኼ ሁሉ ፈረስ ምንድነው?» አልሁ።

«ተራ እያስያዝን ነው፣ አዴ» አለ ሲሳይ። ሲሳይ ያኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የቤቱ እንግሊዝኛ ተርጓሚ ነኝ ብሎ ራሱን የሾመ። «ሴትዮዋ ከፈረስ ማኅበሩ ካልመጣችሁ አላሻግርም ብላለች።»

ወንጪ እንደዚያ ነዋ። ወደ ሐይቁ በፈረስ ይወረዳል፤ ፈረሰኞቹም ጀልባዎቹም ማኅበር አላቸው፤ ተራ ያልጠበቀ ከሁሉም ይጣላል። ልጆቹም ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጨዋታ አገር ያለውን ፈረስ ሁሉ እየነዱ አምጥተው ዳሩ ላይ አሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መነጽሬን አደረግሁና ከአሮጊቷ እግር በታች የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁ።

«ፈረስ የሚል የለበትም» አልሁ። «"ዛሬ ውሃው አይፈቅድም፤ ነገ ተመለስ" ነው የምትለው።»

ለሜሳ ቀስ ብሎ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ቦሩ ኮቱ?» አለ። ነገ ና ማለቱ ነው። «እንደ ቀበሌ?»

ሳቁ ዘፈን ሱቁ ድረስ ተሰማ። «ሲሳይ፣ ክረምቱን ሙሉ ጋሪ ነጂ አደረግኸን» አለው አንዱ። ሲሳይ አንገቱን ሳይደፋ «ፈረሶቹ ግን ጥሩ ፈረሶች ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ማኅተም ያጣ፣ ፊርማ የቀረበት፣ ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ «የሐይቋ ሴትዮ ገጠመችኝ» ይል ጀመር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ቃል የት እንደነካኝ እነሱ አያውቁም። አዲስ ዓለም ተወልጄ ሳድግ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር አባቴ «ለከርሞ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» ይለኝ ነበር። ከርሞ ሲደርስ ሌላ ከርሞ። ተድሬ አምቦ መጥቼ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ሠላሳን አልፌ ነው በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁት፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ቃል በቃል እንደ ጤፍ አበጥሬ። ስለዚህ ነገ ተመለስ የሚልን አፍ እኔ ከሩቅ ዐውቀዋለሁ። ይህች ሴት እንደ አባቴ ናት ወይስ ሌላ ናት? ይህን ማወቅ ፈለግሁ። በማግሥቱ በርጩማዬን ይዤ ገባሁ።

እንዲህ ሆኜ የጌም ቤቱ አንባቢ ሆንሁ። ለሜሳ ይጫወታል፤ ሌላው በአግዳሚው ተደርድሮ ያያል፤ ሰው ሲናገር እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ አንዳንዴም ለሜሳ ተቀብሎ በኦሮምኛ ይደግመዋል። አንድ ሕግ አወጣሁ፤ እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ቁልፍ የሚጫን ይወጣል። ሲሳይ ብዙ ጊዜ ወጥቷል። ሦስተኛውንና አራተኛውን እንዲህ ጨረስናቸው። አምስተኛው አዲስ ሆኖ ሲወጣ ለሜሳ አዲስ አበባ ሄዶ አስጭኖ መጣ፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ቤት ድረስ በሩጫ ነው የመጣው።

ደሴቱ ላይ ምን አለ? ስለዚህ ያልተባለ የለም። ሲሳይ አሮጊቷ የመንገደኛው እናት ናት፣ ስድስተኛው ላይ ይታወቃል ይል ነበር። ለሜሳ ደሴቱ ላይ ከመንገደኛው በፊት ሊሻገሩ የሞከሩ ሰዎች አሉ፣ እሳት ከብበው ተቀምጠዋል ባይ ነበር። እኔ ምንም የለም ባይ ነበርሁ። የምፈራው ባዶነቱን አይደለም፤ ሠሪዎቹ ሴትዮዋን እንዳያስረዱብኝ ነበር የምፈራው። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ጥሩ ሰው ፈጥሮ መጨረሻው ላይ በማብራሪያ የሚገድል ደራሲ ስንት ነው። «አዴ ያልተጻፈ መጽሐፍ ላይ እርማት የሚያወጡ ብቸኛ ሰው ናቸው» ይል ነበር ለሜሳ።

የመንገደኛውን ስም ተጫዋቹ ነው የሚያወጣው። ለሜሳ የራሱን ስም ሰጠው። አንድ ቀን ጫልቱ ልጇን ለአጨዳ ልትወስድ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ቴሌቪዥኑን አየች። ሐይቁ ዳር ጢሙ የሸበተ ሰው ቆሟል፤ ከራሱ በላይ «ለሜሳ» የሚል ተጽፏል። ማንበብ ስለማትችል ስሙን ነገሩአት።

«አስረጅታችሁታላ» አለች። «ሚስት ሳያገባ?»

«ስድስተኛው ሲወጣ ተሻግሬ ከዚያ አገባለሁ፣ እማ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ቦሩ» አለ ለሜሳ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጫልቱም በጨርቅ ከረጢቷ ጀርባውን መታችው። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻ ጊዜ ነበር ማለት እችላለሁ።

አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። ጀልባዋን ገፍታ እስከ ግማሽ ውሃው ውስጥ አስገባች፤ ዞራ መንገደኛውን አየችው፤ ያንኑ ቃል ተናገረች። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ማንም ከአግዳሚው አልተነሣም። ሠሪዎቹም በስድስተኛው ነገ ይደርሳል ብለው ቃል ሰጡ፤ ሲሳይ ኔትወርክ በመጣ ቀን ከስልኩ አነበበልን።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ተከፈተ። ለሜሳ በተከፈተ ማግሥት ባኮ ሄደ። መብራቱ እየጠፋ ገበያው ሞቶበት ስለነበር በቆሎ አምጥቶ ሊሸጥ አስቦ ነው። መንገድ ሲከፈት ሹፌሩ ሁሉ ታግዶ የዋለበትን በአንድ ቀን ሊያካክስ ይበር ነበር። ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ጃኬቱን ሙቀት ነው ብሎ ጥሎት ሄዶ ነበር፤ ከቀብር ስንመለስ ጌም ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ቴሌቪዥኖቹንና አግዳሚዎቹን ሸጡ። ሐይቁ ያለበትን ማሽን ግን ጫልቱ ተሸክማ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብላ ሄደች። በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርሁት፤ በየጊዜው እያወጣሁ ይሠራ እንደሆነ አያለሁ። ለሜሳ ሽበት ሳያይ ሞተ። የሸበተ ለሜሳ ያለው በዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ዳር፣ ፈረሱን ይዞ።

ጫልቱ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ጨዋታ ምን እንደሆነ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ የሚጠብቀው ነገር አለ፣ ስሙ ስድስተኛው ነው። «ያ አስካለ፣ ስድስተኛው ወጣ?» ትላለች፤ በኦሮምኛ «አንቺ አስካለ» ማለቷ ነው። «ገና ነው» እላለሁ። እውነቴን ነበር። ዓመታቱ ሄዱ፤ ዘፈን ሱቁ ፋርማሲ ሆነ፤ የልጆቹ ሱሪ ጠቦ ጠቦ ተመልሶ ሰፋ፤ ስድስተኛው አልወጣም። እኔም ሳልነግራት ተስፋ አደርግ ነበር። ሲወጣ የለሜሳን ሴቭ አስገብተን፣ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ጆይስቲክ መያዝ ተምሬም ቢሆን አሻግረዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ደሴቱ ላይ ምንም ባይኖር ግድ የለኝም። ጀልባው ላይ ሲሳፈር ትየው።

በቅርቡ ሲሳይ የስልኩ መስተዋት ተሰብሮ ወደ ጠጋኙ መጣ። አሁን ባንክ ነው የሚሠራ፤ ክራባት አለው፣ ቦርጭም ጀምሮታል። በመካከለኛው በር አንገቱን አስገብቶ «አዴ አስካለ፣ ስድስተኛው ሊወጣ ነው» አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። በተሰነጠቀው ስልክ ማስታወቂያውን አሳየኝ።

ጀልባው ላይ ሆዷ የተራቆተ ወጣት ሴት ቆማለች። ጀልባው ሞተር አለው። ደሴቱ ላይ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች ይታኮሳሉ፤ ዘለው፣ ጨፍረው፣ ተገድለው እንደገና ይነሣሉ።

«አሮጊቷስ?» አልሁት።

«አሁን ይቺ ናት። ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ነው የጀመሩት።»

«የድሮው ሴቭስ?»

«አይቀበልም፣ አዴ። ሁሉም ሰው አዲስ ሆኖ ነው የሚጀምር። ደግሞ ያለ ኔትወርክ አይከፈትም።»

«አምቦ ላይ?»

ሳቀ። «ለኛ አልሠሩትማ። ግን ግራፊክሱን ይዩት፤ ውሃው እውነተኛ ውሃ አይመስልም?»

«እውነተኛ ውሃ ካማረህ ሁሉቃ ወንዝ እዚህ ታች ነው።»

«ምን ያናድድዎታል? ጌም እኮ ነው።»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?» አልሁት። «ለአንድ ጀልባ ተራ ክረምት ሙሉ ፈረስ ይዘህ የቆምኸው?»

ሲሳይ የክራባቱን ጫፍ ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የለሜሳ ሴቭ እስከ ዛሬ አለ እንዴ?» አለኝ። አለ አልሁት። ስልኩን እንደተሰበረ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ንዴቴን በቃሌ ይዤው ሰነበትሁ፤ አሁን ልጻፈው። አንድ ደራሲ ሁለተኛውን ቅጽ ቢያበላሽ የመጀመሪያውን ከመደርደሪያዬ ላይ መጥቶ አይቀድድም። እነዚህ ግን ተጫዋቹ አሥር ዓመት ያሳደገውን ሰው ከደጃፋቸው ላይ ነው የሚያባርሩ። ኔትወርክ ያለው ብቻ ይግባ ሲሉ፣ ኔትወርክ በሌለበት ዘመን መብራት እየለመነ የጠበቃቸው ማን እንደነበር አልጠየቁም። ያንን ሐይቅ ያሳመረው አለመሻገሩ መሆኑ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ሞተር ገጠሙበት። ትዕግሥት የሌለው ሰው የትዕግሥትን ታሪክ ለምን ይጀምራል? ለውጥ አልጠላም፤ ሠላሳን አልፌ ፊደል የቆጠርሁ ሴት ለውጥ አልጠላም። ግን ነገ ተመለስ ያለ ሰው ነገ እዚያው መገኘት አለበት። አባቴ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለከርሞ ለከርሞ እያለ ዕድሜዬን በላው እንጂ ትምህርት ቤቱን አላፈረሰብኝም። ሄጄ ስደርስ ቆሞ ጠብቆኛል።

ከሁሉ የባሰው ጫልቱ ነበረች። ከእንግዲህ «ገና ነው» ብላት እውነት አይሆንም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ልጅሽ የሚጠብቀው ነገር መጥቶ፣ እሱን ትቶት አለፈ ልበላት? የአንድን ሰው ሞት ሁለት ጊዜ ማርዳት በእኔ ላይ ለምን ይወድቃል?

የኅዳር ማርያም ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ እንደ ወትሮው ክንዴን ያዘችኝ። «ያ አስካለ፣ ስድስተኛው ወጣ?»

«ቤት እንሂድ» አልሁ።

ፊቴን አየችው። እስከ ቤት ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም። ወንበር አቀረብሁላት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ሊወጣ ነው» አልሁ። «ለሜሳ ግን የለበትም።»

«እንዴት የለበትም? እሱ አይደል ሲጠብቅ የኖረው?»

«የድሮዎቹን አንቀበልም ብለዋል። ሴትዮዋንም ቀይረዋታል። አሁን ወጣት ናት፤ ሁሉንም ታሻግራለች።»

«ሁሉንም?»

«በሞተር።»

«እሱን ግን አይደለም።»

«እሱን አይደለም።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ወይም ትረግማቸዋለች፤ አብሬአት ልረግም አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ጫልቱ ግን «የኛው የት ነው ያለው? አሳዪኝ» አለች።

ማሽኑን ከነጠላው ፈትቼ ከቤቴ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። መብራት ነበረ። እየሞቀ ሲሄድ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጫልቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ከጃኬቱ ላይ ታውቀዋለች። ሐይቁ መጣ። ዳሩ ላይ ለሜሳ ቆሟል፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ፈረሱ አጠገቡ ሣር ይነጫል። ወንበሯን ጎትታ ተጠጋች።

«ሽበቱ የአባቱ ነው» አለች። ቀጥላም «ምን ትለዋለች?»

ቁልፉን ተጫንሁ። አሮጊቷ ቀና አለች። ጽሑፉ ወጣ፤ አነበብሁላት። «ዛሬ ውሃው አይፈቅድም። ቦሩ ኮቱ።»

«ነገ ቢመጣስ?»

«ያንኑ ትለዋለች።»

«አታባርረውም?»

«አታባርረውም።»

«እሷስ ጥላው አትሄድም?»

«የትም አትሄድም።»

ጫልቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጠፈችው፤ ሰው ቤት ሊቆይ የመጣ እንደሚያደርገው።

«በይ እንደገና ጫኚው» አለች።